ፈሪዋ ዶክተር

ዶክተር ትርንጎ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሀያት ናት። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ አላባራም። ቢሮዬ ተቀምጬ የተማሪ ወረቀት ሳርም ስልኬ ጮኸ። «ሰማህ?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት። «ዶክተርን» አለችኝ፤ ነገሩ ገባኝ። ባሕር ዳር ለሕክምና እንደተኙ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ግን እሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈሩ ስለነበር፣ ከሚፈሩት አንዱ አንድ ቀን እውነት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ዛሬውኑ ይፋግ ይቀበራሉ፤ መናኸሪያ ቆሜ እየጠበቅሁህ ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ሰብስቤ ወጣሁ።

ይፋግ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ብዙም አላወራንም። መስኮቱን እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እኒያ ሴትዮ ምን ያህል ፈሪ እንደነበሩ።

ይህን ስል የሚቀየመኝ ይኖር ይሆናል። በኛ አገር ፈሪ ስድብ ነው፤ ያውም ከባዱ። ጎንደሬን ሌባ ብትለው ይከስሃል፤ ፈሪ ብትለው ግን ነገሩ ፍርድ ቤት አይደርስም። እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው አስቀድመው የሚናገሩት እሱን ነበር። የማስተርስ ትምህርት የጀመርን ቀን ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ጻፉና ወደኛ ዞረው፣ «ትርንጎ እባላለሁ። የይፋግ ልጅ ነኝ። የተማርኩት የውሃን ነገር ነው። ፈሪ ነኝ» አሉን። እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

እውነትም ይፈሩ ነበር። ባጃጅ ሲሳፈሩ ከፊታቸው ያለውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ነፍስ ነው የጫንከው» ይላሉ፤ ባጃጁ ገና ሳይነሳ። ውሻ ይፈራሉ። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ትምህርቱን አቁመው ያማትቡና ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። በጥር ጠራራ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ሲያልፉ የገበያው ሰው ይጠቋቆምባቸው ነበር። አንድ ቀን «ለፀሐዩ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለማላውቀው ነው» አሉኝ።

ትምህርታችን ያኔ አዲስ ነበር። የአየር ንብረትን ነገር አንድ ሙያ ብቻውን አይችለውም ተብሎ ከየዘርፉ ሰው ተሰበሰበ፤ ከግብርና፣ ከጤና፣ ከሶሲዮሎጂ፣ እኔ ደግሞ ከሒሳብ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደማመጥ የሚባል ነገር አልነበረም። የግብርናው ልጅ ስለ ገብስ ሲያወራ እኔ ስልኬን አያለሁ፤ እኔ ስለ ቀመር ሳወራ ሀያት ታዛጋለች። ሀያት የሶሲዮሎጂዋ ናት፤ የደብረ ታቦር ነጋዴ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ምላሷ የማይቻል። ዶክተር ትርንጎ ሁኔታችንን አዩና አንድ ሕግ አወጡ። ረቡዕ ከሰዓት በምናደርገው ውይይት ማንም የራሱን ጥናት አያቀርብም፤ የጓደኛውን ነው የሚያቀርበው። እኔ የሀያትን፣ ሀያት የኔን። «ሰው የራሱን ጣሪያ አያየውም» ይሉ ነበር። «መዝመሙን የሚያየው ጎረቤት ነው።»

ከዚያ በፊት ደግሞ የፍርሃት ዙር አለ። ወንበሩን ክብ አድርገን እንቀመጥና እያንዳንዳችን በሳምንቱ ከሥራችን ውስጥ ያስፈራንን አንድ ነገር እንናገራለን። በመጀመሪያው ቀን ተራው ሲደርሰኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «እኔን ያስፈራኝ የለም፤ ቁጥሩ ግልጽ ነው» አልኩ። ዶክተር ትርንጎ ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ሒሳቡ» አሉኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ካልፈራህማ ገና አልገባህም።» ክፍሉ ሳቀብኝ። እውነቱን ለመናገር አንድ ወር ሙሉ ጠልቻቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ በእግራችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ወዳለችው ጋፋት ወሰዱን። ፈተናው ይኼ ነበር፤ የሙያችሁን ቃል ሳትጠቀሙ አንድ ገበሬ ስለ ዝናብ ጠይቁ። እኔ ተሽቀዳድሜ ማሳው ዳር ያገኘኋቸውን ሰው «አባቴ፣ ዝናቡ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?» አልኳቸው። ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ዝናብ ምን ይጨምራል ምን ይቀንሳል? ወይ በጊዜው ይመጣል፣ ወይ አይመጣም» አሉኝ። ዶክተር ትርንጎ ማስታወሻቸውን አውጥተው ለእኔ ዜሮ፣ ለገበሬው ሙሉ ነጥብ ጻፉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ውጤቱ ሲለጠፍ ዜሮዬ ከነክብሩ ነበር።

ኮሶ ሥርን ሳላነሳ ግን የእሳቸውን ነገር መናገር አልችልም።

ኮሶ ሥር ከጉና ተራራ ግርጌ ያለች ትንሽ ጎጥ ናት። ገብስና ድንች የሚያበቅል ጥቁር መሬት አላት፤ ከበላይዋ ደግሞ ቀጥ ያለ ተዳፋት። ተዳፋቱ ወገቡ ላይ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ መጀመሪያ የታወቀውም የአንዲት ላም እግር ገብቶበት ነው። ይናዳል ተብሎ ስለተፈራ ቀበሌው ሰዎቹ ከተዳፋቱ ገለል ብሎ ወዳለው ላይኛው የጋራ ግጦሽ ይውጡ አለ። ሰዎቹ፣ ላይኛው መሬት ድንጋይ ነው፣ አንወጣም አሉ። ክርክሩ ሲጠና ዩኒቨርሲቲው ይጠየቅ ተባለ፤ ነገሩ ዶክተር ትርንጎ ዘንድ መጣ፤ ከእሳቸው እኔ ዘንድ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ይህ ተዳፋት እስከ ዛሬ በአንድ ቀን ምን ያህል ዝናብ ችሏል?

ለዚህ መልስ ያላቸው አያ ደሴ ብቻ ነበሩ። አያ ደሴ የጎጧ ገበሬ ናቸው፤ ጓሯቸው ውስጥ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ጧት ጧት ሦስት ሰዓት ላይ እያነበቡ ለብዙ ዓመት በመዝገብ ሲጽፉ ኖረዋል። ጽሕፈታቸው የቄስ ተማሪ ጽሕፈት ነው፤ ጥንቅቅ ያለ። አንዳንዱ ሳጥን ባዶ ነበር። ባዶ ከሆነ አልዘነበም ማለት ነው አልኩና ዜሮ ሞላሁበት። ከዚያ ፈልጌ ፈልጌ አንድ ትልቅ ዝናብ አገኘሁ፤ ከጥቂት ዓመት በፊት በሐምሌ፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ ሰማይ የተቀደደ የሚያስመስል ውሃ ወርዷል። ተዳፋቱ ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ያንን ከቻለ ሌላውን ያቅተዋል እንዴ?

«ልክ ነው?» አሉኝ ዶክተር ትርንጎ።

«ልክ ነው።»

«ሒሳቡ፣ ልክ ነው?»

«ልክ ነው ዶክተር።»

ለሦስተኛ ጊዜም ጠየቁኝ፤ እኔም ለሦስተኛ ጊዜ መለስኩ። ኮሶ ሥር ሄደን ሰዎቹን ሰብስበው፣ «ጥናቱ አትፍሩ ይላል» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ መረቁን። መውጣቱ ቀረ። እኔም በአያ ደሴ ቤት ጠላ እየተቀዳልኝ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በቀጣዩ ረቡዕ የዝናቡን ምዕራፍ የምታቀርበው ሀያት ነበረች። ሠንጠረዡን ግድግዳው ላይ አበራችና፣ «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «እሑድ አይዘንብም። በአሥራ ሁለት አይዘንብም። በሃያ አንድ፣ በሃያ ሦስት፣ በሃያ ዘጠኝ ጠብ አይልም። በማግስቱ ግን ያወርደዋል፤ ያውም በእጥፍ። የናንተ ሰማይ ሚካኤልና ማርያምን ያከብራል እንዴ?»

መጀመሪያ የሳቅነው ሁላችንም ነን። ከዚያ ሳቁ በየአፋችን ደረቀ። እኔ በዓል በሚከበርበት ቤት ነው ያደግሁት፤ እነዚያን ቀናት ከልደቴ ቀን ይልቅ አውቃቸዋለሁ። እንደዚያ ስለማውቃቸው ነው ያላየኋቸው። ስልኬን አወጣሁና ሁሉም እየሰማ አያ ደሴ ዘንድ ደወልኩ።

«አያ ደሴ፣ በበዓል ቀን መለኪያውን አያነቡም እንዴ?»

«ምን ነካህ ልጄ! በሚካኤል ቀን ሥራ እንድሠራ?»

«ዝናቡስ?»

«ውሃው የት ይሄዳል? እዚያው ይጠብቀኛል። በማግስቱ አንድ ላይ እጽፈዋለሁ።»

ያ ትልቅ ዝናብ የአንድ ቀን አልነበረም። ማርያም ቅዳሜ ላይ ውላ፣ እሑድ ተጨምሮ፣ የሦስት ቀን ውሃ ሰኞ ጧት አንድ ላይ የተጻፈ ነበር። ተዳፋቱ ያን ሁሉ በሦስት ቀን ቀስ እያለ ጠጥቶት ነው የቆመው። በአንድ ቀን ቢመጣበት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የለም። እኛ ደግሞ ከሥሩ የሚኖሩትን ሰዎች አትፍሩ ብለናል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ዶክተር ትርንጎ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። የተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ጠመኔው እጃቸው ውስጥ ተሰብሯል። «እኔ እየፈራሁ ሰዎቹን አትፍሩ አልኳቸው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ቀና ብለው «ሰኔ ሊገባ ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ ኮሶ ሥር ነበርን። ሰዎቹ ከጎጧ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ሜዳ ተሰበሰቡ፤ ዶክተር ትርንጎ ቆሙና፣ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስህተት ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ አያ ደሴ አይደሉም። ተዳፋቱን እፈራዋለሁ» አሏቸው።

አንድ ጎልማሳ ተነሳ። «ያን ጊዜ አትፍሩ አላችሁ። ዛሬ ፍሩ ትላላችሁ። ነገስ?»

«ነገም ፍሩ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዱላቸው መሬቱን መቱ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ይተዉን እንጂ፣ አይጥሩብን።»

«ሳይፈሩትም ይደርሳል አባቴ» አሉ ዶክተር ትርንጎ። «እኔ ከልጅነቴ ፈሪ ነኝ። አሁንም እዚህ ቆሜ፣ ወደ ላይ ማየት ፈርቼ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። ካላመናችሁ እዩኝ።»

እውነትም ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው እጃቸውን ያዙና ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ «እውነቷን ነው፣ እጇ በረዶ ሆኗል!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን መስማት ጀመሩ። ሰው ጀግና ሲያዝዘው ይከራከራል፤ ፈሪ ሲለምነው ግን ግራ ይገባዋል። ለዘለቄታው አንወጣም አሉ። ዝናቡ ሲበረታ ግን ልጆቻቸውንና ከብታቸውን ይዘው ወደ ላይ፣ ከተዳፋቱ ገለል ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው ሰንበቴ ቤት ሊወጡ ተስማሙ። ሀያት ቦርሳዋን ከፍታ በጥፍር ቀለሟ የመለኪያው ብርጭቆ ላይ ቀይ መስመር አሰመረች። «ውሃው ይህን ሲያልፍ ውጡ» አለቻቸው።

አያ ደሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው በመስመር አይወጣም ልጄ። ዶክተርየዋ ይደውሉና ውጡ ይበሉን።»

የበዓሉ ነገር ደግሞ ገና አልተፈታም ነበር። ዶክተር ትርንጎ የአያ ደሴን የንስሐ አባት ፈልገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መስቀል ተሳለሙና ጠየቁ፤ ዝናብ ማንበብ ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «ማረሻ አይደል፣ መጥረቢያ አይደል። ውሃ አይቶ መጻፍ ነው። ይሁን» አሉ፤ «ግን ከቅዳሴ በኋላ።» ዶክተር ትርንጎ ሰዓቱ ያልፋል ብለው አልተከራከሩም። «እንግዲያው አያ ደሴ፣ ያነበቡበትን ሰዓት አብረው ይጻፉልኝ» ብለው ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ አንድ ጥናት ስንት ሙያ ይፈልጋል ብለው ሲጠይቁኝ ቄሱንም እቆጥራቸዋለሁ።

በዚያው ክረምት መስመሩ ታለፈ። ዶክተር ትርንጎ «ውጡ» ብለው ደወሉ፤ ሰዎቹ ወጡ። ሦስት ቀን ሰንበቴ ቤት ተቃቅፈው ሰነበቱ። ተዳፋቱ ቆመ። አንድ ጥጃ ጅብ በላው፤ ድንቹን ጃርት ጨረሰው። ሲመለሱ «ፈሪዋ ዶክተር» የሚለው ስም ወጣ። ልጆቹ ሳይቀሩ እጃቸውን እያንቀጠቀጡ ያስመስሏቸው ነበር። እኔ አፈርኩ። እሳቸው ግን ሰዎቹ መሐል ቆመው እያጨበጨቡ፣ «ተሳሳትኩ! እሰይ ተሳሳትኩ! እንደዚህ ዕድሜ ልኬን ልሳሳት!» ይሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ ሆነ፤ የወጡት ግን ግማሾቹ ብቻ ናቸው። እንደገናም ተዳፋቱ አልተናደም።

ከዚያ ስንመለስ ነው፣ ደብረ ታቦር ባጃጅ ውስጥ፣ ብረቱን እንደጨበጡ፣ ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ። «አባቴ የማይፈራ ሰው ነበር» አሉ። «ወንዙ ሞልቶ አገር ቆሞ ሲያይ፣ እሱ ገባ።» ሲወርዱ ወደኔ ዞረው፣ «ሒሳቡ፣ በሦስተኛው ጊዜ አይወጡም። እሱን ነው የምፈራው» አሉኝ። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም፤ ምናልባት አይዞዎት ብያቸው ይሆናል።

ይፋግ ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞልቷል። ዝናቡ ወደ ካፊያ ዞሯል፤ ወደ ጉና በኩል ግን ሰማዩ እንደጠቆረ ነው። ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ሴቶቹ ጮኹ፤ ያኔ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። አያ ደሴ ናቸው። ልዘጋው አሰብኩና አልቻልኩም። ወደ አጥሩ ራቅ ብዬ አነሳሁት።

«ልጄ፣ የዶክተርየዋ ስልክ ከጧት ጀምሮ ዝግ ነው ይለኛል። ቀዩን መስመር አልፏል፤ በአንድ ቀን ነው፣ በአንድ ቀን! ስንጥቁ ውስጥ ዱላዬን ብሰድ መጨረሻ አጣሁለት።»

«ሰዎቹስ?»

«ቤት ናቸው። ሁለት ጊዜ ወጥተን ምን አየን ይላሉ። እኔን ማን ይሰማኛል? ፈሪዋ ምን አለች ነው የሚሉኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጩኸት ይሰማኛል። ልቅሶ ላይ ነህ እንዴ?»

«አዎ።»

«የማን ነው?»

ወደ ጉድጓዱ አየሁ። ሀያት ከሰው መሐል ሆና ታየኛለች። ሞተዋል ብላቸው የሚሆነው ታየኝ፤ ነፍስ ይማር ይላሉ፣ ሰው ይሰበሰባል፣ እዚያው ቤታቸው ቁጭ ብለው ያዝናሉ። ከዚያ ተዳፋት ሥር የሚያስነሳቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን አፈር እየለበሰ ነው።

«የዘመድ ነው» አልኩ።

«ነፍስ ይማር። ዶክተርየዋስ ምን ይላሉ?»

«ውጡ ይላሉ» አልኩ። «አሁኑኑ ውጡ ብለዋል። በጣም ፈርቻለሁ ብለዋል።»

ስልኩን ሳይዘጉ ሲጮኹ ሰማኋቸው። «ብላለች! ፈሪዋ ውጡ ብላለች! ልጆቹን አስቀድሙ!» በር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ውሻ ሲጮህ፣ አንዲት ሴት ልጇን በስሙ ስትጠራ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አያ ደሴ እያለከለኩ ወደ ስልኩ ተመለሱ። «እየወጡ ነው ልጄ። ሁሉም። ለእሳቸው ንገርልኝ፤ ዘንድሮም ሰምተናቸዋል በልልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ስመለስ አፈሩን መልሰው ጨርሰው ነበር። ጉብታው ፊት ቆሜ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወጥተዋል ዶክተር» አልኩ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የማለቅስ መስሏቸው ክንዴን ያዙኝና፣ «አይዞህ ልጄ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» አሉኝ። እያለቀስኩ አልነበረም። ነገ ጧት አያ ደሴ ይደውላሉ፤ እንመለስ ወይስ እንቆይ፣ ዶክተርየዋ ምን አሉ ብለው ይጠይቁኛል።